የተጠገነ ልብ፣ የተዘነጋ ወጣት፡- አብሮ የተወለደ የልብ ሕመም ላለባቸው ወጣቶች የአቻ ለአቻ ድጋፍ

ባለፈው ክረምት አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ቤቴ ድረስ መጣች፡፡ ዕድሜዋ 23 ነው፡፡ አካውንቲንግ አጥንታ በጥሩ ውጤት ተመርቃለች፡፡ በእጇ ከአንድ የግል ድርጅት የተሰጣትን የቅጥር ቅጽ ይዛለች፡፡ «ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ እዚህ ላይ ከዚህ ቀደም ከባድ ሕመም ወይም ቀዶ ሕክምና ነበረብዎ ወይ ይላል፡፡ የልቤን ነገር መጻፍ አለብኝ?» ስትል ጠየቀችኝ፡፡

ልጅቷ በስድስት ዓመቷ በበጎ አድራጊዎች ዕርዳታ ውጭ አገር ተልካ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ናት፡፡ ስትመለስ ሰፈሩ ሁሉ «ዳነች» ብሎ እልል ብሎላታል፡፡ እኔም የማውቀውን ነገርኳት፡፡ አድልዎን ስለሚከለክለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ ሐሰተኛ ቃል መስጠት ስለሚያስከትለው ጣጣ ሁሉ አስረዳኋት፡፡ በጨዋነት ሰማችኝ፡፡ ልትወጣ ስትል ግን በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ጋሼ፣ እንደ እኔ ልቡ የተሠራ፣ ሥራ የያዘ፣ ያገባ ሰው ያውቃሉ?» አለችኝ፡፡ አላውቅም ነበር፡፡ ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ያያት መቼ እንደሆነ ስጠይቃት ደግሞ፣ «17 ዓመቴ ላይ፡፡ ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ» ስትል መለሰች፡፡

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከእነዚህ ከሁለቱ ነገሮች ነው፡፡ አንደኛው «እንደ እኔ የሆነ ሰው አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው፡፡ ሁለተኛው «ደህና ነኝ» የሚለው መልስ ነው፡፡ ሁለተኛው አደገኛ ነው፡፡ ለአደጋው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ ነው፡፡

የተጠገነ እንጂ የዳነ አይደለም

አብሮ የሚወለድ የልብ ሕመም የምንለው፣ ሕፃኑ በማህፀን ሳለ ልቡ ወይም ከልቡ ጋር የተያያዙት ትልልቅ የደም ሥሮች በትክክል ሳይሠሩ ሲቀሩ የሚከሰት ጉድለት ነው፡፡ በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ሊኖር፣ ቫልቭ ሊጠብ፣ ዋናዎቹ የደም ሥሮች ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ፡፡ አንዳንዱ ጉድለት ቀላል ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና ለዓመት የማያደርስ ነው፡፡ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሕፃናት አንዱ ያህል ከዚህ ጉድለት ጋር ይወለዳል፡፡ በአገራችን በወጣቶች ላይ በብዛት ከሚታየውና ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚመጣ የሩማቲክ ትኩሳት ከሚከሰተው የልብ ቫልቭ ሕመም የተለየ መሆኑን ልብ ይሏል፡፡

የሕክምናው ታሪክ አጭር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1938 ሮበርት ግሮስ የተባሉ ሐኪም በቦስተን ከተማ፣ ከተወለዱ በኋላ መዘጋት ሲገባው ክፍት የቀረን የደም ሥር በቀዶ ሕክምና ዘጉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1944 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄለን ታውሲግ፣ አልፍሬድ ብላሎክና ቪቪየን ቶማስ በኦክስጅን እጥረት ሰማያዊ ለሚሆኑ ሕፃናት አዲስ ቀዶ ሕክምና ጀመሩ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን ጊቦን የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካ መሣሪያ ተጠቅመው የአንዲት የ18 ዓመት ወጣትን የልብ ቀዳዳ ደፈኑ፡፡ ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ፡፡ ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ከጉድለቱ ጋር ከሚወለዱት 10 ሕፃናት ዘጠኙ ያህል ለአካለ መጠን ይደርሳሉ፡፡ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ለ2010 የተሠራ ግምት፣ ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ ሕፃናት 1 ሚሊዮን ሲሆኑ አዋቂዎቹ ግን 1.4 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ያሳያል፡፡ የሕፃናት ሕመም ይባል የነበረው የአዋቂዎች ሕመም ሆኗል ማለት ነው፡፡

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል፡፡ ቀዶ ሕክምናው ልብን ይጠግናል እንጂ እንደ አዲስ አይፈጥርም፡፡ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ የሚባለውን የአራት ጉድለቶች ጥምር እንደ ምሳሌ እንውሰድ፡፡ በልጅነቱ የተጠገነለት ሰው ከ15 እና ከ20 ዓመት በኋላ ወደ ሳንባ የሚወስደው ቫልቭ ደም ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል፡፡ የቀኙ የልብ ክፍል ምንም ሳያሳምም ቀስ በቀስ ይሰፋል፡፡ ባለቤቱ ደረጃ ይወጣል፣ ኳስ ይጫወታል፣ «ደህና ነኝ» ይላል፡፡ ምልክቱ ሲታይ ቫልቩን ለመተካት ትክክለኛው ጊዜ አልፎ ሊሆን ይችላል፡፡ የልብ ምት መዛባት፣ የልብ ድካምና የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽንም እንዲሁ በጉልምስና ዕድሜ ብቅ ይላሉ፡፡ ለዚህ ነው የዘርፉ ሐኪሞች ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው የሚሉት፡፡

በሁለት በሮች መካከል

ወጣቱ ከሕፃናት ሐኪም ወጥቶ ወደ አዋቂዎች ሐኪም የሚሻገርበት ጊዜ ከ18 ዓመት ግድም ነው፡፡ ብዙዎች የሚጠፉትም በዚሁ መሻገሪያ ላይ ነው፡፡ ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ውስብስብ ጉድለት ካለባቸው 360 ወጣቶች መካከል በተሳካ ሁኔታ ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ የተሻገሩት 47 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፡፡ በዚያው አገር በኩቤክ ግዛት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት፣ ከ18 እስከ 22 ዓመት ባለው ዕድሜ የልብ ክትትል ያላገኙት 61 በመቶ እንደነበሩ መዝግቧል፡፡ በአሜሪካ በ12 ማዕከላት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ደግሞ፣ ከተጠየቁት ታካሚዎች 42 በመቶው ከሦስት ዓመት በላይ ክትትል አቋርጠው እንደሚያውቁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጡትም በአማካይ በ20 ዓመታቸው ግድም እንደሆነ ይገልጻል፡፡

ልብ እንበል፤ በካናዳ ሕክምና የሚሰጠው በመንግሥት ሽፋን ነው፡፡ ስለዚህ ሁሉንም በገንዘብ እጦት ማሳበብ አይቻልም፡፡ ወጣቱ የሚጠፋው ደህና ስለሚመስለው፣ ቀጠሮውን ሁልጊዜ ይይዙለት የነበሩት እናቱ ስለሆኑ፣ የራሱን ሕመም ስም በትክክል ስለማያውቅና አንዳንዴም መጥፎ ዜና ስለሚፈራ ነው፡፡ ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ አዋቂዎች ሲሶ ያህሉ የጭንቀት ወይም የድብርት ምልክት እንዳላቸው ጥናቶች ያመለክታሉ፡፡ የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሳይንሳዊ መግለጫ የሥነ ልቦና ድጋፍ የልብ ሕክምናው አካል እንዲሆን ጠይቋል፡፡

የአቻ ድጋፍ ምንድን ነው?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ፒር ኮቺንግ» የሚሉት አሠራር ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፡፡ በዚያው ሕመም ያለፈ፣ ዕድሜው ጥቂት ከፍ ያለ፣ ክትትሉን ያላቋረጠና ለሥራው የሠለጠነ ሰው፣ ገና መንገዱን ከሚጀምር ወጣት ጋር ለተወሰነ ጊዜ በቋሚነት ይገናኛል፡፡ በዚህ ጽሑፍ «አቻ ደጋፊ» እንበለው፡፡

አቻ ደጋፊ ምን እንዳልሆነ መለየት ምን እንደሆነ ከመናገር ይቀድማል፡፡ ሐኪም አይደለም፤ የመድኃኒት መጠን አይናገርም፣ የምርመራ ውጤት አይተረጉምም፡፡ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለም፤ ድብርትን አያክምም፡፡ እንዲያው ጓደኛም አይደለም፤ ግንኙነቱ ዓላማ፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፡፡ መካሪም ነው ለማለት ያስቸግራል፤ መካሪ ይነግራል፣ አቻ ደጋፊ ግን በአብዛኛው ይጠይቃል፡፡ «እንዲህ አድርግ» ከማለት ይልቅ «በሚቀጥለው ሳምንት ምን ብታደርግ ይሻላል ትላለህ? ምን ይከለክልሃል?» ይላል፡፡ ወጣቱ የራሱን ውሳኔ በራሱ አፍ ሲናገር የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል ከሚል እምነት የመጣ ዘዴ ነው፡፡

ለምን ይሠራል? አሜሪካ ውስጥ ያስተማሩት የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው «እችላለሁ» የሚል እምነት ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ እርሱን የሚመስል ሰው ሲሳካለት ማየት ነው ብለዋል፡፡ ሐኪሙ «ትችላለህ» ሲል ደግነት ነው፡፡ ደረቱ ላይ ያው ጠባሳ ያለበት ሰው ሲለው ግን ማስረጃ ነው፡፡ በሕግ ቋንቋ የዓይን ምስክር እንደማለት ነው፡፡

አሠራሩን ካስፋፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተመሠረተው አብሮ የተወለደ የልብ ሕመም ያለባቸው አዋቂዎች ማኅበር ነው፡፡ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኛ ታካሚዎችንና ቤተሰቦችን ድጋፍ ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ያገናኛል፡፡ በእንግሊዝም የዘርፉ ፈር ቀዳጅ በሆኑት የልብ ሐኪም በጄን ሶመርቪል ስም የሚጠራው የታካሚዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ይሠራል፡፡ ሁለቱም ታካሚው የራሱ ጉዳይ አዋቂ ነው ከሚል መነሻ የተቋቋሙ ናቸው፡፡

በተግባር እንዴት ይካሄዳል?

መርሐ ግብሩ እንደየቦታው ቢለያይም፣ ደህና የሚባሉት የሚጋሯቸው እርምጃዎች አሉ፡፡

አንደኛ፣ ምርጫ፡፡ የታመመ ሁሉ አቻ ደጋፊ አይሆንም፡፡ የራሱን ሐዘን ገና ያልጨረሰ፣ ወይም ሁሉም ሰው በእርሱ መንገድ እንዲሄድ የሚፈልግ አይመረጥም፡፡

ሁለተኛ፣ ሥልጠና፡፡ ማዳመጥ፣ መጠየቅ፣ ሚስጥር መጠበቅ፣ ድንበርን ማወቅና አደገኛ ምልክቶችን መለየት ዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች ናቸው፡፡ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የልብ ምት፣ እየባሰ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር ወይም የማይለቅ ትኩሳት ሲነገረው፣ አቻ ደጋፊ «እኔም እንዲህ ይሰማኝ ነበር» ብሎ አያጽናናም፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይልካል፡፡ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲሰማም እንዲሁ ብቻውን አይዝም፡፡

ሦስተኛ፣ ማጣመር፡፡ ዕድሜ፣ ፆታና የሕመሙ ዓይነት ቢቀራረብ ይመረጣል፡፡ ትንሽ ቀዳዳ የተደፈነለት ሰው አንድ የልብ ክፍል ብቻ የሚሠራለትን ወጣት «አይዞህ ቀላል ነው» ቢለው ሊጎዳው ይችላልና፡፡

አራተኛ፣ ንግግሩ፡፡ ለምሳሌ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት፣ በስልክ ወይም በአካል መገናኘት ይቻላል፡፡ በእያንዳንዱ ንግግር መጨረሻ አንድ ትንሽ ተግባር ይቆረጣል፡፡ የሕመሙን ስም በወረቀት መጻፍ፣ የቀዶ ሕክምናውን ሰነድ ፈልጎ ማግኘት፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ለሐኪሙ ሦስት ጥያቄ ማዘጋጀት ሊሆን ይችላል፡፡

አምስተኛ፣ ጀርባ፡፡ ደጋፊውን የሚደግፍ ነርስ ወይም ባለሙያ መኖር አለበት፡፡ ደጋፊው ራሱ ታካሚ ነው፡፡ እርሱም ሆስፒታል ሊገባ ይችላል፡፡ ያ ሲሆን ወጣቱን ማን ያነጋግረዋል የሚለው አስቀድሞ ካልታሰበ ጉዳቱ ድርብ ነው፡፡

ለሐኪም የማይነገሩ ጥያቄዎች

የሐኪም ቀጠሮ አጭር ነው፤ አብዛኛው ጊዜም በማዳመጫውና በልብ አልትራሳውንዱ ያልቃል፡፡ ወጣቱ በሆዱ ይዟቸው የሚመለሱ ጥያቄዎች ግን ብዙ ናቸው፡፡ ጠባሳዬን ለእጮኛዬ መቼ ላሳያት? ቤተሰቧ ሲሰሙ ምን ይላሉ? ጂም መግባት እችላለሁ? ጓደኞቼ ጫት ሲይዙ ምን ብዬ እምቢ ልበል? ጠበል ስገባ መድኃኒቴን ላቋርጥ ወይ? አለቃዬ ከባድ ዕቃ ተሸከም ሲለኝ ምን ልመልስ?

ለሴቶች ከሁሉ የሚከብደው የእርግዝና ነገር ነው፡፡ ብዙዎቹ በተገቢ ክትትል በሰላም ይወልዳሉ፡፡ የሳንባ የደም ሥሮች ግፊታቸው ከፍተኛ ለሆነ ሴቶች ግን እርግዝና ለሕይወት እጅግ አስጊ ነው፡፡ አንዳንድ የእርግዝና መከላከያ ኪኒኖችም ለደም መርጋት ስለሚያጋልጡ ለሁሉም አይሆኑም፡፡ ስለዚህ ምክሩ መገኘት ያለበት ከጋብቻና ከእርግዝና በፊት ነው፡፡ አቻ ደጋፊዋ «ትችያለሽ» ወይም «አትችዪም» አትልም፡፡ «እኔ ከማግባቴ በፊት ሐኪሜን እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት» ትላለች፡፡ ያ ዓረፍተ ነገር አንዲትን ወጣት ወደ ክሊኒክ ሊመልሳት ይችላል፡፡

ጥርስም እንደ ቀላል የሚታይ ግን ቀላል ያልሆነ ጉዳይ ነው፡፡ ከአፍ የሚነሱ ባክቴሪያዎች በደም አድርገው የተጠገነን ልብ ሊበክሉ ይችላሉ፡፡ አንዳንድ ታካሚዎች ጥርስ ከመነቀላቸው በፊት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መውሰድ አለባቸው፡፡ ይህንን ለጥርስ ሐኪሙ መናገር ያለበት ደግሞ ታካሚው ራሱ ነው፡፡ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህም ይሠራል፡፡

ውጤቱ ምን ይላል?

ከመጠን በላይ ተስፋ መስጠት አይገባም፡፡ በአቻ ድጋፍ ላይ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው በሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞች ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና በፊላዴልፊያ በጥቁር አሜሪካውያን የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተሠራ የስኳር ሕመም ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው፡፡ ለስድስት ወራት አቻ ደጋፊ ያነጋገራቸው ሰዎች የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር መለኪያቸው በ1 ነጥብ ያህል ሲወርድ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት ላይ ለውጥ አልታየም ማለት ይቻላል፡፡ አብሮ በተወለደ የልብ ሕመም ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፡፡ ቀዶ ሕክምናንም ሆነ መድኃኒትን የሚተካ አንዳች ነገር አላሳዩም፤ እንዲያሳዩም አይጠበቅም፡፡

ጉዳትም ሊያመጣ ይችላል፡፡ ያልሠለጠነ ደጋፊ የራሱን መጥፎ ገጠመኝ ሲተርክ ወጣቱን ያስበረግጋል፡፡ ጥገኝነት ሊፈጠርም ይችላል፡፡ ከሁሉ የሚከፋው፣ አንዳንድ ተቋም ሐኪም መቅጠር ሲያቅተው በነፃ የሚሠሩ ታካሚዎችን እንደ ርካሽ ምትክ እንዳይቆጥራቸው ነው፡፡ የአቻ ድጋፍ ወደ ክሊኒኩ የሚወስድ ድልድይ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ ክሊኒክ ከሌለ ትርጉም የለውም፡፡

ሚስጥሩ በማን እጅ ነው?

እንደ ሕግ ሰው አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፡፡ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር በሚያወጡ ሐኪሞችና ነርሶች ላይ ቅጣት ይደነግጋል፡፡ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ያረጋግጣል፡፡ በጎ ፈቃደኛው አቻ ደጋፊ ግን ሐኪም አይደለም፤ በሐኪሙ ላይ ያለው ግዴታ በእርሱም ላይ አለ ብሎ መተማመን የዋህነት ነው፡፡ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት ስለሚመድበው፣ የወጣቶችን ስምና ሕመም መዝግቦ የሚይዝ ማኅበር ኃላፊነት አለበት፡፡ ስለዚህ እያንዳንዱ ደጋፊ ሥራ ሳይጀምር የሚፈርመው ግልጽ የሚስጥር ጠባቂነት ውል ሊኖር ይገባል፡፡ መቼ ሚስጥሩ እንደሚነሳ፣ ማለትም ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ለማን እንደሚነገር፣ ወጣቱም አስቀድሞ ማወቅ አለበት፡፡ በምናውቀው የሰፈር ኑሮ አንድ ወሬ ጋብቻን ሊያፈርስ ይችላልና ይህ ተራ ወረቀት አይደለም፡፡

ለእኛ ምን ይነግረናል?

የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 ተቋቋመ፡፡ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው ማዕከሉም እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ፡፡ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ብዙ ሕፃናት ወደ ውጭ እየተላኩ ታክመዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 በእስራኤል ሆሎን ከተማ የተመሠረተው «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ኸርት» ቀድሞ ካከማቸው መካከል የኢትዮጵያ ልጆች ይገኙበታል፡፡ እነዚያ ልጆች ዛሬ ሕፃናት አይደሉም፡፡ ገሚሱ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ ገሚሱ ነጋዴ፣ ገሚሱ እናትና አባት ሆኗል፡፡ ለሕፃናቱ የሚደረገው ገንዘብ ማሰባሰብ የሚያስመሰግን ነው፡፡ ያደጉትን ግን «ዳኑ» ብለን ከዝርዝሩ ፍቀናቸዋል፡፡

አሠራሩ ለእኛ እንግዳም አይደለም፡፡ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲመሠረቱ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ወጥተው ሌሎችን ሲያጽናኑ አይተናል፡፡ በኋላም በሕክምና ጣቢያዎች ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ሠልጥነው መድኃኒት ያቋረጡትን ቤት ለቤት ፈልገው ይመልሱ ነበር፡፡ «አቻ ለአቻ» የሚለውን ቃል አማርኛችን የለመደው ያኔ ነው፡፡ ያንን ዕውቀት ወደ ልብ ክሊኒክ ማሻገር አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፡፡ የቀድሞ ታካሚዎች መዝገብ፣ አንዲት ነርስ፣ አሥር የሠለጠኑ ወጣቶችና የስልክ ካርድ ለጅምሩ ይበቃሉ፡፡ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸውም ወጣቶች በዚሁ ጥላ ሊጠለሉ ይችላሉ፡፡

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ፡፡ ከብዙ ማፈላለግ በኋላ በአንድ የማውቀው ሐኪም አማካይነት፣ በልጅነቷ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላትና አሁን ሁለት ልጆች የምታሳድግ አንዲት መምህርት ተገኘች፤ ፈቃዷን ጠይቀን አገናኘናቸው፡፡ በአንድ ካፌ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ፡፡ ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅሁም፣ የእኔም ጉዳይ አይደለም፡፡ በሳምንቱ ግን ልጅቷ የስድስት ዓመት አቧራ የጠጣውን የሕክምና ፋይሏን በፌስታል ይዛ ወደ ክሊኒክ ስትሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት፡፡ እኔ አዋጅ ጠቅሼ ያላደረግሁትን መምህርቷ በአንድ ማኪያቶ አደረገችው፡፡

ይህ ግን በዕድል የተገኘ ነው፡፡ የሚያውቀው ሐኪም ያለው ጎረቤት የሌላቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፡፡ ልጆቻችንን ለማዳን የተባበርን ሰዎች፣ ያዳንናቸውን ደግሞ እርስ በርስ ለማስተዋወቅ አንታክት፡፡